ጋዙን የዘጋችው ልጄ

ልጄ ፔላጂ ጋዙን የዘጋችው እንግዶቹ ድንኳኑ ሥር ሊቀመጡ ሦስት ሰዓት ብቻ ሲቀራቸው ነው። ከኪጋሊ የሚመጡ ትልልቅ ሰዎች ነበሩ። ወንበሩ ነጭ ጨርቅ ለብሷል፣ ጨፋሪዎቹ እግራቸው ላይ ቃጭል አስረዋል፣ እኔ ደግሞ ዓሣ እንድጠብስ ታዝዣለሁ። የዚያን ቀን ነገር እንግዲህ ከእኔ ስሙት። ሐይቁ ዳር ባለችው ከተማችን በኪቡዬ "እዚያው ነበርኩ" የሚል ሰው በዝቷል፤ ነበርኩ ያለው ሁሉ በእውነት ቢኖር ኖሮ ያን ቀን የተሳፈርንባት ጀልባ ትሰምጥ ነበር።

ዳፍሮዛ እባላለሁ። ወደቡ ላይ ሳምባዛ እሸጣለሁ፤ ጣት የምታክል፣ ከነራሷ ተጠብሳ የምትበላ ዓሣ ናት። ባሌ ቴሌስፎር አጥማጅ ነው፤ በረጃጅም እንጨት የተጋመዱ ሦስት ጀልባዎችን ይመራል። አመሻሽ ላይ እየዘፈኑ ይወጣሉ፣ ሲነጋ እየተጨቃጨቁ ይመለሳሉ። ፔላጂ የመጀመሪያ ልጃችን ናት።

ሐይቃችን ሆዱ ውስጥ ጋዝ እንደያዘ ከድሮም እንሰማለን። የባሌ አባት "የተኛ አውሬ ነው፤ አትጎርጉሩት" ይሉ ነበር። በኋላ መሐንዲሶች መጡና እንጎረጉረዋለን አሉ። ያውም መብራት ልናወጣበት!

እንዴት እንደሚሆን ፔላጂ ያስረዳችኝ በፋንታ ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱን እየነቀነቀች፣ "ይኸው እማ፣ ሐይቁ ይህ ነው። ክዳኑ እስካለ ድረስ ምንም አይታይም፤ ጋዙ ውሃው ውስጥ ሟሙቶ ተኝቷል" አለችኝ። ከዚያ ክዳኑን ከፈተችው። የገነፈለው ወገቤ ላይ ያሸረጥኩት አዲሱ የኪቴንጌ ጨርቄ ላይ ነው።

"አየሽ? ሦስት መቶ ሃምሳ ሜትር ቧንቧ እናወርዳለን። ውሃው ወደ ላይ ሲወጣ እንዲህ አረፋ ይሆንና ጋዙ ይለያል። ጋዙ በሌላ ቧንቧ ወደ ዳር ይሄዳል፣ ሞተር ያዞራል፣ መብራት ይሆናል።"

"ልብሴስ?"

"ይታጠባል።"

"ውሃውስ? ጋዙ የወጣለት ውሃ የት ነው የሚደፋው?" አልኳት። ዓሣ ሻጭ ነኝ፤ እጣቢ የት እንደሚደፋ መጠየቅ ልማዴ ነው።

ፔላጂ ሳቋን አቆመች። "እሱ ነው ትልቁ ጥያቄ። ወደመጣበት፣ ወደ ጥልቁ መመለስ አለበት። የተበላሸ እንቁላል የሚሸት ውሃ ነው፤ ላይ ከተደፋ ዓሣውንም ይመርዛል፣ ሐይቁንም ይረብሻል።"

እውነቱን ለመናገር እኔ ነርስ እንድትሆን ነበር የምፈልገው። ነጭ ገዋን ለብሳ ከጤና ጣቢያው ስትወጣ ሰው ሲያያት በሕልሜ ሁሉ አይቼዋለሁ። እሷ ግን ብረት መረጠች። ሁዬ ከተማ ሄዳ መካኒክነት ተማረች፤ ተመልሳ ዳር ላይ ቧንቧ ስትበይድ ሳያት፣ ፊቷ በጭምብል ተሸፍኖ እሳት ሲረጭባት፣ ፊቴን አዙሬ ሄድኩ። ሁለት ሳምንት አላናገርኳትም። ጋዙን የሚያወጣው ኩባንያ ግን ከእኔ የተሻለ ዓይን ነበረው። ስምንት ወር ውጭ አገር ልኮ አሠለጠናት፣ ስትመለስም ሐይቁ መሃል ባለው ተንሳፋፊ ጣቢያ ላይ የፈረቃ ኃላፊ አደረጋት። እኛ ጣቢያውን "የብረት ደሴቱ" ነው የምንለው። ከወደቡ ሲታይ ሰው የረሳው መርከብ ይመስላል።

ያን ሐሙስ ሊመረቅ ነበር። ከዚያ በፊት ለሙከራ ጥቂት ቀን ሠርቷል፤ ዳር ላይ ያሉት ትልልቅ ሞተሮች ሲያጉረመርሙ ከተማው ሁሉ ለምዶት ነበር። ሕፃናት እንኳ ድምፁን በአፋቸው እየሠሩ ይጫወታሉ።

ያን ቀን ቴሌስፎር ዓሣው በዝቶበት ዘግይቶ፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ደረሰ። ጀልባዎቹ እስከ አፍ ገደፋቸው ሞልተዋል። እኔና የዓሣ ሻጮች ማኅበራችን ሴቶች ቅርጫት ይዘን ወረድን። እጄን አስገብቼ አንድ እፍኝ ሳወጣ የሆነ ነገር አፍንጫዬን መታኝ።

"ቴሌስፎር፣ ይህን ዓሣ ከየት ነው ያመጣኸው?"

"ከሐይቅ። ከዛፍ አልለቀምኩትም።"

"እስቲ አሽትተው።"

"ዓሣ ዓሣ ነው የሚሸተው፣ አንቺ ሴትዮ። ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም።"

"አሽትት አልኩህ!"

አሸተተ። ደግሞ አሸተተ። "እንቁላል" አለ ቀስ ብሎ። "የተበላሸ እንቁላል።"

"መረቡን የት ነው የጣላችሁት?"

"ከብረት ደሴቱ ወዲህ።" ጭንቅላቱን አከከ። "እንደ ወትሮው በመብራት ሳንጠራው ነው ዓሣው ራሱ ወደ ላይ የወጣው። አፉን እየከፈተ ይንሳፈፍ ነበር። እኛማ ዕድል መስሎን ዘፈንን።"

የማኅበራችን ገንዘብ ያዥ ኮንሶላታ ከኋላዬ መጣች። ቁምነገር የማትረሳ፣ ድግስ ሲመጣ ግን ዓይኗ የሚታወር ሴት ናት። "ሎሚ እናበዛበታለን" አለች። "ዘይት ሲነካው ሽታው ይጠፋል። ለኪጋሊ ሰው ዓሣ ሁሉ አንድ ነው።"

አልዋሽም፤ ለትንሽ ጊዜ ልቤ ወደ ሎሚው ሄዶ ነበር። ያ ድግስ ለማኅበራችን የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ነው። ቀኑ ደግሞ የልጄ ቀን ነው። እኔ ስልክ ከደወልኩ የማበላሸው የእኔን ምጣድ ብቻ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ስልኩን አወጣሁ፣ መልሼ ከጨርቄ ሥር ከተትኩት፣ ደግሞ አወጣሁትና ለፔላጂ ደወልኩ።

"እማ፣ ሥራ ላይ ነኝ እኮ።"

"አውቃለሁ። የአባትሽ ዓሣ እንቁላል ይሸታል።"

ድምፅዋ ተለወጠ፤ የእኔ ልጅ ድምፅ መሆኑ ቀረና የኃላፊዋ ሆነ። "የት ነው የተያዘው?"

"ከእናንተ ወዲህ።"

"አንዱን ዓሣ ክፈቺው። ከጉንጩ ሥር ያለውን መተንፈሻውን እይው። ቀይ ነው?"

በጥፍሬ ከፈትኩት። "ቀይ አይደለም። ጠቁሯል።"

"ሌላም ክፈቺ።"

ስድስት ከፈትኩ። ስድስቱም ጥቁር ናቸው።

"ከማክሰኞ ጀምሮ ውሃውን ወደ ጥልቁ የሚመልሰው የመመለሻው ቧንቧ ግፊት ዝቅ ብሎ ነው የሚያሳየኝ" አለች፤ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ። "መለኪያው አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይስተካከላል አሉኝ። እኔም ተቀበልኩ።" ከዚያ፣ "እማ፣ ያንን ዓሣ ማንም እንዳይቀምሰው።"

"እንግዶቹስ?"

ስልኩን ዘጋችው።

ጥቂት ቆይቶ ከሐይቁ ላይ የማንቂያ ጡሩምባ ተሰማ፤ ሦስት ጊዜ። ቀጥሎ ዳር ላይ ያሉት ሞተሮች እንደሚያዛጋ ሰው ድምፃቸውን እየጎተቱ ጸጥ አሉ። ከዚያ በፊት ጸጥታ እንዲህ ሲጮህ ሰምቼ አላውቅም። ድንኳን የሚተክሉት ሰዎች ገመዱን እንደያዙ ቆሙ።

የኩባንያው ዳይሬክተር ጋሹጊ ከቢሮው ሲሮጥ መጣ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ከፈገግታ ይልቅ ሰላምታ የሚቀናው ሰው ነው። የኩባንያው ፈጣን ጀልባ እንግዶችን ለመቀበል ሆቴሉ ጋ ሄዷል።

"ሞተር ያለው ጀልባ ያለው ማን ነው?" ሲል ጮኸ።

ባሌ እጁን አወጣ። እኔም ዓሣ የያዝኩበትን ባልዲ ይዤ ዘልዬ ገባሁ።

"እናቴ፣ እርስዎ የት ነው?" አለኝ ጋሹጊ።

"እዚያ ያለችው ልጄ ናት።"

ጫማው አዲስ ነበር፤ ውሃ እንዳይነካው እግሩን አንስቶ ተቀምጧል፤ በዚህም ትንሽ አሳዘነኝ።

ብረት ደሴቱ ላይ ስንወጣ ፔላጂ ብርቱካንማ ቱታዋን ለብሳ፣ ቆቧን አጥልቃ ደረጃው አፍ ላይ ቆማለች። ሁለት ሠራተኞች ከኋላዋ አሉ። እኔን ስታይ ዓይኗ ትንሽ ረገብ አለ፤ ግን አላናገረችኝም።

"ማን አዘዘሽ?" አለ ጋሹጊ።

"ማንም አላዘዘኝም። የመመለሻው ውሃ የት እንደሚወርድ ካላወቅሁ አቁሚ ይላል መመሪያው። የፈረሙበት እርስዎ ነዎት።"

"ፔላጂ፣ ስሚኝ። ስድስት ሰዓት ላይ ሰዎቹ ይመጣሉ። ለሁለት ሰዓት ብቻ አስነሺው፤ ማብሪያውን ይጫኑ፣ ፎቶ ይነሱ፣ ይሂዱ። ከዚያ እስከፈለግሽ ድረስ ፈትሺው።"

"አላስነሳም።"

"እንግዲያው ሌላ ሰው ያስነሳዋል" ብሎ ወደ ሁለቱ ሠራተኞች ዞረ። ሁለቱም ሳይነጋገሩ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ። እነዚያን ሁለት ሰዎች እስከዛሬ ወደቡ ላይ ሳገኛቸው የምመርጥላቸው ዓሣ ትልልቁን ነው።

"ዳይሬክተር" አለች ፔላጂ፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "የሐይቁ የላይኛው ውሃ ቀላል ነው፣ የታችኛው ከባድ ነው። ጋዙን ከታች የያዘልን ይኸው ከላይ የተጫነው ነው፤ እንደ ክዳን። የታችኛውን ውሃ አምጥተን ላይ ካፈሰስነው ክዳኑን በገዛ እጃችን እየፋቅነው ነው፤ ክዳኑ ሲያልቅ ጋዙ ባንዴ ገንፍሎ ወጥቶ ሰውን ያፍናል። ዛሬ ምንም ላይሆን ይችላል። ነገም ላይሆን ይችላል። ግን ይህን ሐይቅ ከብቦ ሁለት ሚሊዮን ሰው ይኖራል። እኔ ደግሞ ከነሱ መሃል ብዙዎቹን በስማቸው አውቃቸዋለሁ።"

"ማስረጃሽ የአንድ መለኪያ ቁጥር ነው!"

ያኔ እኔ ባልዲውን አቀረብኩለት። "ያሽትቱት ጌታዬ።"

ጎንበስ አለ፤ ቀና ያለው ግን በፍጥነት ነው። መሐረቡን አፍንጫው ላይ አደረገ።

ፔላጂ በገመድ የምትወርድ ካሜራ አዘጋጅታ ኖሯል። ሁላችንም ማያው ፊት ተሰበሰብን። ቧንቧው አረንጓዴ ውሃ ውስጥ ወደ ታች ይሄዳል፤ አሥር ሜትር፣ ሃያ፣ ሠላሳ። ምንም የለም። ጋሹጊ በረጅሙ መተንፈስ ጀመረ። እኔ በልቤ፣ "አምላኬ፣ ልጄን አታዋርዳት" እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ፣ ምን ዓይነት ጸሎት ነው ብዬ በራሴ አፈርኩ። ቧንቧው እንዲሰበር የምትጸልይ እናት!

ሠላሳ ስምንት ሜትር ላይ ምስሉ ነጣ። ፔላጂ ገመዱን አስቆመች። የቧንቧው መጋጠሚያ እንደ አፍ ተከፍቷል፤ ከውስጡም ወተት የመሰለ ውሃ እየተግተለተለ ይወጣ ነበር፤ ጋዙ ቢዘጋም ውስጡ የቀረው ገና አላለቀም። ከሁለት መቶ ሜትር በታች መውረድ የነበረበት ውሃ፣ ዓሣዎቻችን የሚኖሩበት ቦታ ላይ ሲፈስ ሰንብቷል።

ጋሹጊ ቆቡን አወለቀ።

"ሰባት ዓመት ነው ይህን ቀን የጠበቅሁት" አለ።

"እኔም" አለች ፔላጂ።

"ስንት ቀን ይፈጃል?"

"አሥር። ምናልባት አሥራ አንድ።"

ማያውን እንደገና አየው፤ ቆቡን መልሶ አጠለቀ። "አንቺ ሥራሽን ጀምሪ። ሰዎቹን እኔ አነጋግራለሁ።"

አነጋገራቸውም። እዚያ ላይ ሰውየውን አከበርኩት። ድምፅ ማጉያውን ይዞ፣ "ዛሬ የሚመረቅ ነገር የለንም። መጋጠሚያ ተከፍቶብን አቁመናል። ያቆመችው የፈረቃ ኃላፊያችን ናት፤ ትክክል ናት፤ እኔ ተሳስቼ ነበር" አለ። ከእንግዶቹ መሃል አንዲት ሽማግሌ ሴት ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ሌሎቹ ማጨብጨብ ይገባ እንደሆነ እስኪወስኑ ድረስ እሳቸው ብቻቸውን አጨበጨቡ። ጨፋሪዎቹም ቃጭላቸውን አስረው መና አልቀሩም፤ ጨፈሩ። እኛም ለእንግዶቹ ባቄላና የተቀቀለ ሙዝ አቀረብን። ዓሣውን ራሴ ጉድጓድ ቆፍሬ ቀበርኩት፤ ኮንሶላታም አንድ ቃል ሳትናገር አፈሩን በእግሯ መለሰችበት።

ግን አፍ አይዘጋም። በማግስቱ የሙዝ ጠላ ቤቱ ወሬ ሁሉ ይኸው ነበር። "ሴት ልጅ ብረት ላይ ብትሾም ውጤቱ ይኸው!" "ድግሳችንን በላችው!" አንዱ ደግሞ ቴሌስፎር ሰምቶ እንዲናደድ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ "ፈርታ ነው እንጂ ምንም አልነበረም" አለ። ባሌ በባሕርዩ ጠላውን ጠጥቶ ዝም ብሎ የሚወጣ ሰው ነው። ያን ቀን ግን ብርጭቆውን አስቀመጠ።

"አዎ፣ ፈርታለች" አለ። "እኔም ሠላሳ ዓመት ይህን ሐይቅ እየፈራሁት ነው የኖርኩት። ያልፈሩት ጓደኞቼ የት አሉ? እስቲ ጥሩልኝ፣ አብረን እንጠጣ።"

ይህን የነገረኝ እሱ አይደለም፤ ባለ ጠላ ቤቷ ነገረችኝ። እሱ ቤት ሲገባ የጠየቀኝ እራት ነው።

ቧንቧውን ሲያወጡት ጥፋቱ ታወቀ። መጋጠሚያውን የያዙት ብሎኖች ከተባለው ብረት አልተሠሩም፤ ኩባንያው ከሩቅ አገር የገዛቸው ናቸው፤ የጥልቁ ውሃ በጥቂት ቀን ውስጥ እንደ ስኳር በልቷቸዋል። ፔላጂ ያንን መጋጠሚያ ብቻ ቀይራ አልተኛችም። መቶ አርባውንም መጋጠሚያ አስፈታች። አንዳንዱን ራሷ ቆርጣ ራሷ በየደችው። በእነዚያ ቀናት አንድ ቀን ምሳ ይዤላት ሄድኩ። ያ የድሮው ጭምብል ፊቷ ላይ ነው፣ እሳቱም ይረጫል። አሁን ግን ፊቴን አላዞርኩም። ጨርሳ ጭምብሉን እስክታነሳ ድረስ ቆሜ አየኋት። ያየሁትንም ለኮንሶላታ ለሦስት ቀን ነገርኳት።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አስነሱት። ድንኳን የለም፣ ጭፈራ የለም። እኔ ግን ነበርኩ፤ ጋሹጊ ራሱ፣ "እናቴ፣ ቆብ ካጠለቁ ይምጡ" አለኝ።

ፔላጂ ክንዴን ይዛ ከወፍራሙ ቧንቧ አጠገብ አቆመችኝ። "እጅሽን ጣይበት።" ጣልኩበት፤ ቀዝቃዛ ነበር። ፓምፑ ውሃውን መሳብ ጀመረ፤ ቧንቧው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ትንሽ ቆይታ በእጇ ምልክት ሰጠች፤ ፓምፑ ጠፋ። መንቀጥቀጡ ግን አልቆመም፤ እንዲያውም ባሰ።

"ማን ነው አሁን የሚገፋው?" አልኳት።

"ማንም። አንዴ መንገድ ካሳየነው ጋዙ ራሱ ውሃውን ተሸክሞ ይወጣል። ሐይቁ ነው የሚሠራው፣ እማ።"

ከዚያ ወደ መለኪያው ሄደች። የመመለሻውን ቧንቧ ቁጥር አነበበች፤ ደግማ አነበበች፤ ሠራተኞቹ ተራ በተራ እንዲያነቡትና እንዲፈርሙ አደረገች። ትክክል ነበር። ካሜራዋንም አወረደች፤ ሁሉም መጋጠሚያ ዝግ ነው። ከዳር ሬዲዮ መጣ፤ አንደኛው ሞተር ጋዙን ተቀብሏል፣ ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም። የመብራት ኃይሉ ወደ አገሩ መስመር ገባ አሉ።

እልል አልኩ። ምን ላድርግ? ከሆዴ ነው የመጣው። እዚያ ብረት ውስጥ ድምፄ እንዴት እንዳስተጋባ እናንተው አስቡት፤ ከታች ያለው ሠራተኛ የማንቂያ ጡሩምባ መስሎት እየሮጠ ወጣ። ፔላጂ መጀመሪያ ሳቀች፤ ከዚያ ቆቧን አውልቃ ፊቷን ሸፈነችበት። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አይቼ አጠገቧ ሄድኩ። ጋሹጊ ሌላ ሥራ ያለው መስሎ ወደ ሐይቁ ዞረ።

"ነርስ ብትሆኚ ኖሮ ሰውን አንድ በአንድ ነበር የምታድኚው" አልኳት። እስከዚያ ቀን ድረስ ልጄን የጠየቅኋት ይቅርታ ይኸው ብቻ ነው፤ ገብቷታል።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት ሆነ። ደሴቱ ይሠራል። በየጊዜው ለጥገና ይቆማል፣ ደግሞ ይነሳል። ፔላጂ አሁን የሁሉም ፈረቃዎች ኃላፊ ናት፤ በሥሯ ካሉት በያጆች አራቱ ሴቶች ናቸው። እናቶቻቸው ወደቡ ላይ ያገኙኝና፣ "ልጅሽ ልጃችንን አሰለቸቻት፣ ቁጥር ሦስቴ ታስነብባታለች" እያሉ ይከሱኛል። እኔም፣ "አራቴ ይገባ ነበር" እላቸዋለሁ።

ባለፈው ወር ደግሞ ከሐይቁ ማዶ፣ ከቡካቩ የመጡ ኮንጎዎች ጣቢያውን ሊያዩ መጡ። እነሱም በበኩላቸው ጋዙን ሊያወጡ አስበዋል። ወደቡ ላይ ፔላጂ በስዋሂሊ ልታስረዳቸው ስትሞክር ሰማኋትና አላስቻለኝም። ሃያ ዓመት ከማዶ ሰዎች ጋር በስዋሂሊ ስከራከር የኖርኩ ነኝ።

"እንደዚያ አይባልም!" ብዬ ጮህኩባት። "ወደ ታች ማለት ሲገባሽ ወደ ጎን አልሽ እኮ!"

እንግዶቹ በሳቅ ፈነዱ። መሪያቸው፣ ወፈር ያለች፣ መነጽር ያደረገች መሐንዲስ፣ ለፔላጂ፣ "እኛ ጋ መጥተሽ አንድ ወር ብታስተምሪን?" አለቻት። ፔላጂ መልስ ለመስጠት አፏን ስትከፍት እኔ ቀደምኳት።

"ትመጣለች" አልኩ።

"እማ!"

"ምን እማ ትያለሽ? ሐይቁ አንድ ነው፤ ከመሃሉ ግንብ የለበት።"

ባለፈው ሰኞ አባቷ ራሱ አሻገራት። ከዚያ ወዲህ ወደቡ ላይ የሚያገኘኝ ሁሉ ይጠይቀኛል፤ የሚያውቀውም እንኳ ከአፌ መስማት ይፈልጋል፤ እኔም አልሰለችም።

"ዳፍሮዛ፣ ልጅሽ የት ሄደች?"

"ኮንጎ።"

"ምን ልታደርግ?"

"ልታስተምር" እላለሁ፤ ድምፄንም ጀልባዎቹ ላይ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙት አድርጌ።